የቁድሲያ ሳል

ማሊሃባድ፣ ሕንድ፤ ኖቬምበር 3 ቀን
ዛሬ ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ከአንድ ቀን ነው።

ይድረስ ባሕር ማዶ በሲንጋፖር ለሚኖረው ለአጎቴ ልጅ ልጅ፣ በቤቴ ላደገው ለዛይጋም።

የአላህ ሰላምና እዝነት ባለህበት ይድረስህ። ደጅህ አይዘጋ፣ ማዕድህ አይጉደል። እኛ ደህና ነን። «እኛ» ማለቴን እለፈው፤ የብዙ ዘመን ልማድ ስለሆነ እጄ ገና አልተማረም። እኔ ደህና ነኝ።

የአክስትህ የቁድሲያ አርባ ባለፈው ዓርብ ወጣ። ቁርአን ተቀራ፣ ድሃ በላ። ከእኔ በስተቀኝ ያንተን ስፍራ ክፍት አድርጌ ነበር። ቀብሯ ላይ አለመገኘትህን አልቆጥርብህም፤ ሞት ትኬት እስኪቆረጥ አይጠብቅም። የአርባው ቀን ግን አርባ ቀን ሙሉ ይታወቅ ነበር።

ለልጄ ለሳቢሃ በስልክ «እርጅና ነው፤ ልቧ ደክሞ ይሆናል» ብለሃታል አሉ። ልቧ አልደከመም። በመጨረሻ ራሷን ስታ በወሰድናት ጊዜ የላክናው ከተማ ሐኪም የደረቷን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅሎ አሳየኝ። «የሳንባ ነቀርሳ ነው። በብርዱ ወራት ቢያመጧት ኖሮ ስድስት ወር ክኒን ውጣ ትድን ነበር» አለኝ። ቀጥሎም ዓይኑን ከካባዬ እስከ መነጽሬ አንሸራትቶ «ምነው አባባ፣ የተማሩ ሰው ይመስላሉ?» አለ።

ምን ልመልስለት? በብርዱ ወራት አንተ የሠራኸው፣ ሳል ሰምቶ በሽታ የሚለየው መሣሪያ ቤታችን እንደነበረ ልንገረው? የጎረቤታችን ልጅ ባባን ስልኩን ይዞ ውጪኛው ክፍል ቆሞ «እማማ፣ ሦስት ጊዜ ብቻ ይሳሉ፤ ማሽኑ ሰምቶ የሳንባዎን ነገር ይነግርዎታል» እያለ ሲለማመጣት ትዝ ይለኛል። የቤታችንን ደንብ አንተ ታውቃለህ። ወንድ ደጃፍ ሲደርስ ይስላል፣ ሴት ደግሞ ሳሏን ትውጣለች። እኔ እንግዳ ይዤ ስመጣ ደጃፍ ላይ እስላለሁ፤ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ የብርጭቆ አምባሯን አንሿሽታ «ሰምቻለሁ» ትለኛለች። ልጅ ሳለህ ድምፅህን አጎርንነህ በእኔ ሳል ታታልላት ነበር። «ይህ ልጅ በሰው ሳል ቤት ይገባል» ብላ ትስቅ ነበር።

የዚያን ቀን የሻሿን ጫፍ ከአፏ አውጥታ በጆሮዬ «ለሐኪም እንኳ ስዬ አላውቅም። ለዛይጋም ከሆነ ግን እስላለሁ» አለችኝ። ሳለች። መሣሪያው ባማረ የሴት ድምፅ «ሳንባዎ ጤነኛ ነው። እንኳን ደስ አለዎት» አለ። ለጎረቤት ሁሉ ጣፋጭ አደለች። ኋላ ሳቢሃ ከካንፑር መጥታ «ሐኪም ቤት እንሂድ» ብትላት፣ ብትለምናት፣ «ልጁ ደህና ነሽ ካለኝ በኋላ ሌላ ሐኪም ጋ ሄጄ ላሳፍረው?» ብላ እምቢ አለች። አንተን ላለማሳፈር ሞተች።

እኔ ከሳሽ አይደለሁም፤ የመጻሕፍት ሰው ነኝ፤ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ያ መሣሪያ መስማትን ከማን ተማረ?

አጎትህ ኢልቲፋት ሁሴን


ሲንጋፖር፤ ዲሴምበር 20 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ ለኢልቲፋት ሁሴን።

አሰላሙ አለይኩም። ከሩቅ ሆኜ እጅዎን እስማለሁ። አላህ ጽናቱን ይስጥዎ፤ ለአክስቴም ጀነትን ይወፍቃት። ደብዳቤዎን ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። እናቴ ከሞተች በኋላ ከጉርሷ ከፍላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የአርባው ሳምንት ገንዘብ የሚሰጡን ባለሀብቶች የመጡበት ሳምንት ነበር። ምክንያት እንደማይሆን አውቃለሁ።

አጎቴ፣ ሐኪምም እኮ ይሳሳታል። የእኛ መሣሪያ ከመቶ ሰው ዘጠና አራቱን ይለያል። በጎምቲ ወንዝ ዳር ያለውን ጀልባ ቀዛፊ፣ ሱክዴቭን፣ ይጠይቁ። ሐኪም አይቶ የማያውቅ ሰው ነበር፤ በሳሉ ነቀርሳውን ለይተንለት ዛሬ ይቀዝፋል። ሐኪም ቤት ከከተማ ወጥቶ ኪስ ውስጥ የሚገባበት ዘመን መጥቷል። የዓይን ፎቶ አይቶ የስኳር በሽታን የሚናገር፣ ከእጅ ሰዓት የልብን ምት የሚያነብ፣ መድኃኒት ተሸክሞ ያለ አብራሪ ተራራ የሚሻገር መሣሪያ አለ። ሁሉም በተማረው ልክ ይሠራል፤ ብዙ በሰማ ቁጥር ይበስላል። የእኛም ከብዙ ሺህ ሰው ሳል ነው የተማረው፤ ከወንድም ከሴትም።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። በጁን ወር ላክናው ላይ የክፍለ ግዛቱ የጤና ኮሚቴ ይሰበሰባል። ከፈቀደልን መሣሪያው በየመንደሩ ይታደላል። ሙከራው ከተደረገበት ቀዬ የተከበረ ሽማግሌ ምስክርነት እንዲጽፍ ጠይቀዋል። ከእርስዎ ብዕር በላይ ማን ይሰማል? ስለ አክስቴ መጥቀስ ግን አያስፈልግም። ኀዘንዎ አደባባይ እንዲወጣ አልፈልግም።

ልጅዎ ዛይጋም


ማሊሃባድ፤ ፌብሩዋሪ 17 ቀን

ይድረስ ለልጄ ለዛይጋም።

ሰላም ከላይ ይውረድልህ፣ ሥራህን አላህ ያቅናልህ። መልሴ ዘገየ። ጽሑፍና ማንጎ በግድ አይበስሉም። አጸዱ አሁን አበባ ላይ ነው፤ ንቦቹ ከጠዋት ጀምሮ ያጉረመርማሉ።

ስለ መጪው ዘመን የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ደስም አለኝ። አያቴ ሐኪም እንደነበሩ ታውቃለህ። የሴት በሽተኛ ሲመጣባቸው እጇ ብቻ ከመጋረጃው ይወጣል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሦስት ጣታቸውን ያሳርፋሉ። ልጅ ሆኜ «የማን እጅ እንደሆነ ሳያዩ እንዴት ያውቃሉ?» ብላቸው «ልጄ፣ መጀመሪያ የማውቀው የማን እጅ እንደሆነ ነው» አሉኝ። ትርጉሙ የገባኝ አሁን በእርጅናዬ ነው።

ምስክርነቱን እጽፋለሁ። ኮሚቴው እንዲህ ያለ ምስክርነት ሰምቶ እንደማያውቅ ቃል እገባልሃለሁ።

ሳላውቅ እንዳላወድስህ አንድ ነገር ብቻ አስረዳኝ። በእኛ አገር ሴት ባዕድ ፊት አትስልም። መሣሪያህ «ከሴትም ተማረ» ብለሃል። የሴቶቹን ሳል እንዴት አገኛችሁት? ማን ቀዳው? በየትኛው መጋረጃ በኩል? አትቸኩል፤ ጊዜ ወስደህ፣ አስበህ መልስልኝ። ስለ ቁድሲያ ስትል አስበህ መልስልኝ።

አጎትህ ኢልቲፋት ሁሴን


ሲንጋፖር፤ ፌብሩዋሪ 26 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ።

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እመልሳለሁ። እንዴት እንደተደሰትኩ! አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ለባልደረቦቼ «አጎቴ ይጽፍልናል» ብዬ አወራሁላቸው።

ጥያቄዎ ቀላል ነው። የሴቶቹን ሳል የቀዱት ሠልጥነው የተላኩ ሴቶች ናቸው። ቤት ለቤት ዞረው፣ ጓዳ ድረስ ገብተው፣ የእያንዳንዷን ክብር ጠብቀው ቀድተዋል። የአገሬን ደንብ እንዴት እረሳለሁ? ይህንንም በምስክርነቱ ላይ ቢያነሡልን ደስ ይለናል።

ከዚህ ጋር የልብ ምት የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ልኬልዎታለሁ። ሌሊትም አያውልቁት።

ልጅዎ ዛይጋም


ሲንጋፖር፤ ኤፕሪል 14 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ።

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰነበቱልኝ? ዒዱን በሰላም ዋሉ? ደብዳቤዎን ስጠብቅ ወር አለፈኝ። ብደውል አያነሡም፤ ሳቢሃም «ደህና ነው» ከማለት በቀር አትናገርም። ባባን ደግሞ የእኛን ሥራ በድንገት ትቷል፤ ምን እንደሆነ ሰምተዋል? ኮሚቴው ሰነዶቹን እስከ ጁን መጀመሪያ ይቀበላል። አንድ ገጽም ቢሆን ይበቃል።

ሰዓቱስ ይሠራል?

ዛይጋም


ማሊሃባድ፤ ሜይ 5 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ ለአቶ ዛይጋም።

ሰላምታዬ ይድረስዎ። «አንተ» የማዕድ ቃል ነው፤ ማዕዱ ተነሥቷል። ዒዱን ስለጠየቁኝ፣ ዋልኩ። ሰዓትዎም ይሠራል። ይህን ስጽፍ ልቤን ቆጥሮ «ተረጋግተዋል» ይለኛል። እውነቱን ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ላውራልዎ። በፌብሩዋሪ መባቻ፣ ማለት ያንን ስለ ሴቶቹ የጠየቅኩበትን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት፣ ጢሜን ልከረከም ጁማን ፀጉር ቤት ሄጄ ከኋላው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር። ባባን ፊቱን አረፋ ተቀብቶ ወንበሩ ላይ ጋደም ብሏል፤ አላየኝም።

«ባባን፣ እስቲ ያቺን አሮጊት አምጣልን!» አለ ጁማን ምላጩን እየጠረገ።

«የቷን? ስንት አሮጊት አለኝ እኮ!»

«ባለ አስማዋን ነዋ!»

ባባን ጉሮሮውን አቅጥኖ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እኽ! እኽ! ስሜ ሙኒራ፤ መበለት ነኝ፤ ደረቴን ይወጋኛል!» አለ። ፀጉር ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ቀጣፊ! እናትህ ብትሰማህ በጫማ ነበር የምትልህ።»

«እናቴማ የመጀመሪያዋ እምቢ ባይ ናት! ‹ለባዕድ ወንድ ጆሮ ልሳልልህ? ውጣ ከዚህ!› ብላ ማንቆርቆሪያ ወረወረችብኝ። ሴቱ ሁሉ እንደዚያው። ታዲያ ምን እናድርግ? እኔና ወንድሞቼ የቀዬውን ሴት በሙሉ ሳልንላቸው።»

«ዛይጋም ይህን አያውቅም?»

«የዚሁ ሰፈር ልጅ አይደለም እንዴ! ደወልኩለት እኮ። ‹ወንድሜ፣ ሴቶቹ አይስሉም› ብለው ‹እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ ቦታው ብቻ ይሙላ› አለኝ። አንዱን ሰምቶማ ‹ባባን፣ ቀጠን አድርገው፤ ይሄ የሠርግ ከበሮ ነው› ብሎ ስቆብኛል!»

ይህን ጊዜ ጁማን በመስተዋቱ ውስጥ አየኝ። ምላጩ አየር ላይ ቀረ። ባባን ዞሮ ሲያየኝ ፊቱ ከአረፋው ይበልጥ ነጣ።

«አባባ… እንዲያው ቀልድ ነው እኮ…»

«ተላጭተህ ጨርስ፤ ሰው ወረፋ ይጠብቃል» አልኩት። ወረፋዬን ጠብቄ፣ ጢሜን ተከርክሜ ወጣሁ።

እንግዲህ መሣሪያዎ የሴት ሳል ሰምቶ አያውቅም። የሰማው ወንድ ሴት መስሎ ሲያላግጥ ነው፤ የጤነኛ ጎረምሳ ሳል፣ በመበለት ስም። ቁድሲያ በዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ለባዕድ ስትስል ‹ይህች ጤነኛ ናት› ያላት ለዚህ ነው።

የፌብሩዋሪው ጥያቄዬ ጥያቄ አልነበረም፤ በር ነበር። በሰፊው ከፈትኩልዎ፤ በስሟ ተማጸንኩዎ። እርስዎ ግን እንደ ልጅነትዎ በሰው ሳል ሊገቡ ሞከሩ።

ምስክርነቱን እየጻፍኩ ነው።

ኢልቲፋት ሁሴን


ሲንጋፖር፤ ሜይ 17 ቀን

አጎቴ።

እባክዎ «አንተ» ይበሉኝ። ስድብም ከሆነ በ«አንተ» ይስደቡኝ።

እውነት ነው። ባለሀብቶቹ ቀን ቆርጠውብኝ ነበር። ለጊዜው ቦታው ይሙላ፤ ሴቶቹን በሁለተኛው ዙር በእውነት እንቀዳለን ብዬ ነበር። ሁለተኛው ዙር ሳይመጣ የመጀመሪያው ተሳካ፤ የተሳካ ነገር ደግሞ ማንም አይነካም። አክስቴ ትመርመር ብዬ ባባንን በላክኩ ጊዜ፣ እምልልዎታለሁ፣ ያ ነገር ጨርሶ ከሐሳቤ ጠፍቶ ነበር።

አሁን ግን ያስቡ። ኮሚቴው ከጣለን የሚጎዳው እኔ ብቻ አይደለሁም። ሐኪም በሌለበት አገር ወንዶቹን እንኳ እያዳንን ነው። ጀልባ ቀዛፊው ምን አጠፋ? ፈቃዱን እናግኝ፤ በማግስቱ ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ። ደጅ ለደጅ ሄጄ፣ መጋረጃ ሥር ተንበርክኬ፣ የሴቶቹን ሳል ራሴ እለምናለሁ። መሣሪያውንም «ቁድሲያ» ብለን እንሰይመዋለን፤ ስሟ ከቤንጋል እስከ ፑንጃብ ይጠራል። እስከ ጁን ስብሰባ ብቻ ዝም ይበሉልኝ።

ምን ይፈልጋሉ? ይንገሩኝ፤ አደርገዋለሁ።

ልጅዎ ዛይጋም


ማሊሃባድ፤ ጁን 4 ቀን
ዛሬ ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ከሁለት ቀን ነው።

ይድረስ ለተከበሩ ለአቶ ዛይጋም።

ሰላም ለሚገባው ሁሉ ይሁን። «ምን ይፈልጋሉ?» ብለው ጠይቀውኛል። ቁድሲያን። እሷን መመለስ ስለማይችሉ በተራ ቁጥር ሁለት የምፈልገውን እጽፍልዎታለሁ።

አስቀድሜ ግን ያመጡብኝን ምስክር መርምሬአለሁ። ጀልባ ቀዛፊውን ሱክዴቭን ፈልጌ ጎምቲ ዳር ወረድኩ። ያሉት እውነት ነው፤ ድኗል፤ ይመርቅዎታል። ሻይ አቀረበልኝ። እየጠጣን ሳለ ከጓዳ ሳል ሰማሁ፤ ታፍኖ፣ ጨርቅ ተነክሶበት የሚወጣ ሳል። ያንን ሳል በእንቅልፌም አውቀዋለሁ።

«ማናት?» አልኩት።

«ባለቤቴ ናት ጌታዬ። ምንም አይደለችም፤ ለዚያው ለእኔ መሣሪያ እንድትስል አድርገናት ‹ጤነኛ ነሽ› ብሏታል።»

«ስንት ጊዜዋ ነው?»

«ኧረ ከርሟል። እኔ ስድን እሷ ጀመራት።»

በማግስቱ ሳቢሃ ይዛት ላክናው ሄደች። ነቀርሳ ነው፤ ክኒኑን ጀምራለች። ጀልባ ቀዛፊው ምን አጠፋ ላሉኝ መልሱ ይህ ነው፤ ምንም አላጠፋም፤ ሚስቱን ግን በእርስዎ ቃል ጓዳ አስቀምጦ ሊቀብራት ነበር።

ይህን ለጽድቅ የማደርገው እንዳይመስልዎ። አላህን አልዋሽም፤ በቀል ነው። ጽድቅ ካለበት እግረ መንገዱን ይምጣ።

አሁን ስለ ምስክርነቴ። የላኩልኝን የፌብሩዋሪ ደብዳቤ፣ ያንን ሴቶች ቤት ለቤት ዞሩ የሚለውን፣ ከሰዓትዎ ጋር እመልስልዎታለሁ። በወረቀት አልከስዎትም፤ ወረቀት ይካዳል። የተሻለ ምስክር አለኝ።

ቁድሲያ መጻፍ ስለሚያደክማት ለሳቢሃ በስልክ ድምፅዋን ትልክላት ነበር። ሳቢሃ የመጨረሻዎቹን አስቀምጣቸዋለች። በአንደኛው እንዲህ ትላለች፦ «ሳቢሃ፣ አትምጪ ልጄ፤ መንገዱ ሙቀት ነው። የዛይጋም መሣሪያ ደህና ነሽ ብሎኛል፤ እሱ…» ከዚያ ሳሉ ይይዛታል። ረጅም ነው። ሻሿን ለማግኘት ስትፈልግ አምባሯ ይሰማል። ሲለቃት «እሱ አይዋሸኝም» ትላለች።

ባባንን ወደ ቤቴ ጠራሁት። መጣ፤ ቀና ብሎ አላየኝም። «መሣሪያውን ክፈተው» አልኩት። ከፈተው። ሳሏን አሰማነው። ትንሽ አሰበና በዚያ ባማረ ድምፁ «ሳንባዎ ጤነኛ ነው። እንኳን ደስ አለዎት» አለ። ከሞተች ዘጠነኛ ወሯ ነበር። ባባን ስልኩን ምንጣፉ ላይ ጥሎ ወጣ።

ምስክርነቴ ይህ ድምፅ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሴት ሐኪም ናቸው አሉ፤ እሰየው። ከድምፁ ጋር የጻፍኩላቸው ሦስት መስመር ብቻ ነው፦ «በስብሰባው ቀን ይህን ሳል ለመሣሪያው ያሰሙልኝ። መሣሪያውን ዛይጋም በገዛ እጁ ይያዘው። መልሱን ሲሰጥ ‹ይህች ሴት አሁን የት ናት?› ብለው እሱን ይጠይቁልኝ።» ሌላ ክስ አልጻፍኩም። መልሱን እርስዎ ያውቁታል፤ በመቃብሯ ላይ ባይቆሙም።

ሊቀሩ ይችላሉ፤ አርባው ላይም ቀርተዋል። ከቀሩ ግን ድምፁ ያለ እርስዎም ይሰማል፣ ባዶ ወንበርዎም ይመልሳል። ስሟን በዚያ ዕቃ ላይ ካወጡት ደግሞ በሕይወት ዘመኔ ሁሉ በየፍርድ ቤቱ አሳድድዎታለሁ፤ ዘመኔ አጭር ነው ብለው አይጽናኑ።

አንድ ነገር ግን ለእርስዎ ሳይሆን ለራሴ ልጻፍ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ የቁድሲያን ድምፅ ባዕድ ሰምቶት አያውቅም፤ ለእርስዎ ስትል ከሳለችበት ከዚያ ቀን በቀር። አሁን በማታውቀው አዳራሽ፣ በማታውቃቸው ወንዶች ፊት መጋረጃዋን የምገልጠው እኔ ነኝ። በፍርዱ ቀን ትጠይቀኛለች። እርስዎን ግን ከአጠገቤ አስቆማለሁ፤ ስትጠይቀኝ ዓይኗ እርስዎንም ያያል።

ለኮሚቴው የሚሄደውን ዛሬ ጠዋት ፖስታ ቤት ሄጄ በእጄ ሰጠሁ። መልሰው ሊሰጡኝ እንደማይችሉ ጸሐፊውን ጠይቄ፣ አረጋግጬ ነው የተመለስኩት። ቤት ስደርስ ደጃፍ ላይ ሳልኩ፤ ልማድ ነው። ቆሜ ጠበቅኩ። አምባር አልመለሰልኝም።

ይህንንም ደብዳቤ አሽጌ እልከዋለሁ።

ኢልቲፋት ሁሴን